ለትንሽ የመገለጫ ምስል ጌጠኛ ክፈፍ አሠራር፦ ፒክሰል በፒክሰል

100 በ100 ፒክሰል የሆነ የመገለጫ ምስል በጠቅላላው 10,000 ነጥብ ነው። ዙሪያውን ባለ አንድ ፒክሰል መስመር ቢያዞሩበት 396 ነጥብ ይወስዳል፤ ከመቶ አራት ያህል መሆኑ ነው። መስመሩን 3 ፒክሰል ሲያደርጉት 1,164፣ 5 ሲያደርጉት 1,900፣ 10 ሲያደርጉት ደግሞ 3,600 ነጥብ ይሄዳል። 10 ፒክሰል ሲሰሙት እዚህ ግባ የማይባል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከምስሉ ሲሶውን አልፎ በልቶታል። ፊቱን ለማሳመር የተሠራው ክፈፍ ፊቱን ከቤቱ አስወጥቶታል ማለት ነው።

በዚህ መጠን ክፈፍ መሥራት ከሥዕል ይልቅ ለቆጠራ የሚቀርበው ለዚህ ነው። እኔ ሥዕል ላይ እጄ ደካማ ነው፤ ክብ ስል ድንች ይወጣል። ይሁን እንጂ እስከ መቶ መቁጠር የሚችል ሰው ንጹህ ክፈፍ ከመሥራት የሚያግደው ነገር የለም። የመጀመሪያዬን የሠራሁት ሳልቆጥር ነበር። ሰፋ ባለ ሸራ ላይ መሥራት ይሻላል ብዬ 1,000 በ1,000 ፒክሰል ከፈትኩ፣ ባለ 3 ፒክሰል መስመር በጥንቃቄ አዞርኩ፣ ማዕዘኖቹን አስጌጥኩ፣ ከዚያም ሁሉን ወደ 100 አሳነስኩት። 3 ፒክሰል በአሥር ሲካፈል 0.3 ነው። የፒክሰል ሲሶ የሚባል ነገር ማያ ላይ ስለሌለ፣ ፕሮግራሙ መስመሬን ከጎረቤቱ ቀለም ጋር ቀላቅሎ የጭስ ጥላ አደረገው። የሁለት ሰዓት ሥራ እንደዚያ ተነነ። ከዚያ ወዲህ ክፈፍን የምሠራው በመጨረሻ መጠኑ ላይ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ሕግ የሚመነጭ ነው።

ምስሉን ማዘጋጀት

የምገልጸው በምስል ማስተካከያ ፕሮግራሙ በጂምፕ ነው። በነፃ ይገኛል፤ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ይሠራል። ፎቶሾፕ ያለው ሰውም መከተል ይችላል፤ አሠራሩ በሚለይበት ቦታ እጠቁማለሁ። የምናሌ ስሞችን ማያው ላይ እንደሚነበቡ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ምስሉን እኩል ጎን ወዳለው ካሬ ይቁረጡት። የአራት ማዕዘን መምረጫውን ይያዙ፤ ከመሣሪያው አማራጮች ውስጥ «ፊክስድ» የሚለውን ምልክት አድርገው ምጥጥኑን 1 ለ1 ይስጡት። የሚፈልጉትን ክፍል ከመረጡ በኋላ «ኢሜጅ» ከሚለው ምናሌ «ክሮፕ ቱ ሰሌክሽን» ይበሉ። እዚህ ላይ ስስት አይበጅም፦ ፊቱን እስከ ጫፍ አጥብቀው ከቆረጡት ክፈፉ ሲመጣ ጆሮና አገጭ ይወስዳል። ምስሉ ወደ 100 ሲያንስ በየጎኑ ቢያንስ አምስት ፒክሰል የሚሆን ትርፍ ቦታ ይተዉ።

ቀጥሎ «ኢሜጅ»፣ «ስኬል ኢሜጅ» ብለው ወደ 100 በ100 ያሳንሱ። «ኢንተርፖሌሽን» የሚለው ምርጫ (መጠን ሲለወጥ ነጥቦቹ የሚሰሉበት መንገድ) ፎቶግራፍ ከሆነ «ኪዩቢክ» ወይም «ኖሄሎ» ይሁን። ምስል ሲያንስ ትንሽ መደብዘዙ አይቀርም፤ «ፊልተርስ»፣ «ኢንሃንስ» ውስጥ ባለው «ሻርፕን» በሚለው ማጥሪያ ሬዲየሱንም መጠኑንም 0.5 አካባቢ አድርገው ያጥሩት። ይህን ክፈፉ ከመምጣቱ በፊት ይጨርሱ። ከክፈፉ በኋላ ከተጣራ በመስመሩ ዳር ዳር ነጭ ጭረት ይወጣል፤ ያንን ለማጥፋት ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

አሁን «ሌየር» ከሚለው ምናሌ አዲስ ንብርብር፣ ማለትም በምስሉ ላይ የሚደረብ ሉህ፣ ይክፈቱ፤ ሙሌቱ ግልጽ ይሁን፤ ስሙንም «ክፈፍ» ይበሉት። ክፈፍን በቀጥታ በፎቶው ላይ የሚስል ሰው ነገ ሐሳቡን ሲቀይር ፎቶውንም አብሮ ይጥላል። በተለየ ንብርብር ላይ የተሠራ ክፈፍ ግን ከአንዱ ምስል ተነሥቶ ሌላው ላይ ይደረባል።

አንድ ዝግጅት ይቀራል፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። «ቪው»፣ «ኒው ቪው» ብለው ያንኑ ምስል በሁለት መስኮት ይክፈቱ። በአንዱ ላይ 4 ቁጥርን ይጫኑ፤ 800 በመቶ ያጎላዋል፣ የሚሠሩት በዚህ ነው። በሌላው ላይ 1 ቁጥርን ይጫኑ፤ ትክክለኛው መጠን ነው፣ የሚፈርዱት በዚህ ነው። ተጉልቶ ሲታይ የሚያስደንቅ ጌጥ በእውነተኛ መጠኑ ቆሻሻ መስሎ መታየቱ የተለመደ ነው። ፍርድ ሁልጊዜ ለትንሹ መስኮት ይሰጥ።

የመጀመሪያው ክፈፍ፦ አንድ መስመር

1. «ክፈፍ» ያሉት ንብርብር መመረጡን ያረጋግጡ።
2. ኮንትሮልና «ኤ» (A) ይጫኑ፤ ሸራው በሙሉ ይመረጣል።
3. «ሰሌክት»፣ «ሽሪንክ» ብለው 1 ፒክሰል ይስጡ። ምርጫው ከአራቱም ጎን አንድ አንድ ፒክሰል ወደ ውስጥ ይገባል።
4. ኮንትሮልና «አይ» (I) ይጫኑ፤ ምርጫው ይገለበጣል። አሁን የተመረጠው ዙሪያው ያለው ቀጭን መስመር ብቻ ነው።
5. ቀለምዎን ከፊት ለፊቱ የቀለም ሳጥን ላይ አድርገው ኮንትሮልና ኮማን ይጫኑ።
6. ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ኤ» (A) አንድ ላይ ተጭነው ምርጫውን ያንሡ።

ሦስተኛው እርምጃ ላይ የሚቸገር ሰው አለ፦ ምርጫው ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። ምክንያቱ በዚያው ሳጥን ውስጥ ያለች ትንሽ ምልክት ናት። የተመረጠው ቦታ ከምስሉ ውጭም እንደሚቀጥል አድርጎ ይቁጠረው የምትል ናት፤ ምልክት ከተደረገባት ፕሮግራሙ የሸራውን ዳር እንደ ዳር አያየውም። ምልክቷን ያንሡ። በፎቶሾፕ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። «ሰሌክት»፣ «ሞዲፋይ»፣ «ኮንትራክት» ሲሉ በሸራው ዳርም ይሥራ የምትለዋ ሳጥን ምልክት ሊደረግባት ይገባል። በሁለቱ ፕሮግራሞች እየተመላለሰ የሚሠራ ሰው በዚህች ሳጥን ሳይናደድ አይቀርም።

ለምን «ስትሮክ ሰሌክሽን» በሚለው አቋራጭ አንጠቀምም የሚል ይኖራል። በጂምፕ ያ ትእዛዝ መስመሩን በምርጫው ድንበር ላይ ያሰምራል፤ ግማሹ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ። ምርጫው የሸራው ዳር ከሆነ ደግሞ የውጪው ግማሽ የትም የለም። 2 አዝዘው 1 ያገኛሉ። ፎቶሾፕ ደግሞ በንብርብር ማስጌጫው ውስጥ ባለው «ስትሮክ» ቦታን ያስመርጣል፦ «አውትሳይድ» ከሆነ ማዕዘኖቹ ይከብባሉ፣ «ኢንሳይድ» ከሆነ ስል ሆነው ይቀራሉ። ለዚህ ሥራ የምንፈልገው የውስጡን ነው።

ሁለት መስመር ለምን ከአንድ ይበልጣል

ነጭ ክፈፍ በነጭ ገጽ ላይ ይጠፋል፤ ጥቁር ክፈፍ በጨለማ ገጽ ላይ ይጠፋል። ምስልዎ በየትኛው ላይ እንደሚወጣ ደግሞ የሚወስነው ተመልካቹ ነው፤ አንዳንዱ ስልኩን በጨለማ ገጽታ ነው የሚጠቀመው። መላው ሁለቱንም ማድረግ ነው፦ ከውጭ አንድ ፒክሰል ጥቁር ቢጤ፣ ከውስጥ አንድ ፒክሰል ነጣ ያለ። ጨለማው የውጪውን ቢውጠው የውስጡ ብቅ ይላል፤ በነጭ ገጽ ላይም የውጪው ይይዛል።

አሠራሩ ያው ነው። የመጀመሪያውን መስመር ከጨረሱ በኋላ አዲስ ንብርብር ከፍተው ሸራውን በሙሉ ይምረጡ፣ በ1 ያሳንሱ፣ ያለውን ይሙሉ፣ እንደገና በ1 ያሳንሱና የመሃሉን በዴሊት ያጥፉት። በሌላ አነጋገር መጀመሪያ ወፍራሙን ሞልቶ ልቡን ማውጣት ነው። ምርጫ ከመገልበጥ ይህ ይቀልላል፤ በተለይ መስመሮቹ ሦስትና አራት ሲሆኑ።

ከሁሉም የምወደው ሦስት ድርብርብ ነው፦ 1 ጥቁር፣ 2 ነጣ ያለ፣ 1 ጥቁር። በድምሩ 4 ፒክሰል ነው፣ ከምስሉም 15 በመቶ ያህል ይወስዳል። ከዚህ ያለፈውን ለራሴ ፈቅጄ አላውቅም።

ከፍ ብሎ የወጣ ቁልፍ የሚመስል ክፈፍ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የላይኛውንና የግራውን መስመር ነጣ፣ የታችኛውንና የቀኙን ጠቆር ያድርግ፤ ሲገለበጥ የተቦረቦረ ይመስላል። በ1990ዎቹ የኮምፒውተር መስኮቶች ሁሉ እንደዚያ ስለነበሩ ዛሬ ያረጀ መልክ አለው፤ ያረጀ መልክ የሚፈልግ ካለ ግን ደስ ይላል።

ቀለሙ ከየት ይምጣ

ከምስሉ። ሌላ መልስ የለኝም። ድፍን ጥቁር በፎቶግራፍ ዙሪያ ሲዞር የሐዘን ማስታወቂያ ያስመስለዋል፤ ድፍን ነጭ ደግሞ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ያስመስለዋል። በፎቶግራፍ ውስጥ ድፍን ጥቁር ቦታ ፈልጉ ቢባል ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ጥቁር ያልነው ፀጉር ጠለቅ ያለ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ክፈፉም ያንኑ ቀለም ቢይዝ ከምስሉ የተወለደ ይመስላል።

የቀለም መምረጫውን በኦ ቁልፍ ይያዙ። ከመንካትዎ በፊት ግን ከአማራጮቹ ውስጥ «ሳምፕል አቬሬጅ» የሚለውን አብርተው ሬዲየሱን 3 ያድርጉት። ነጠላ ፒክሰል ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ በተለይ በጄፔግ በተጨመቀ ፎቶ ውስጥ ቡናማ ፀጉር መሃል አረንጓዴ ነጥብ ተቀምጦ ይገኛል። አማካዩ ግን አይዋሽም። ለውጪው መስመር ጨለማ ከሚመስለው ቦታ፣ ለውስጡ ብርሃን ካረፈበት ጉንጭ ወይም ሰማይ ይውሰዱ። ሁለቱ ቀለማት በጣም ከተቀራረቡ ጥቁሩን ትንሽ ያጥቁሩት፣ ነጩን ትንሽ ያንጡት፤ ዓይነቱን ግን አይለውጡ።

አንድ ሰው ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ከሆነ ቀይ ክፈፍ የሚያምር ይመስላል። ይሞክሩትና ትንሹን መስኮት ይመልከቱ፤ ዓይን ፊቱን ትቶ በዙሪያው ይሽከረከራል። ደማቅ ቀለም ለነጥብ እንጂ ለመስመር አይሆንም።

ነጥብና ሰረዝ፦ ቁጥሩ የሚገጥምበትና የማይገጥምበት

ክፈፍ ጌጥ መሆን የሚጀምረው ድፍን መስመሩ ሲቆራረጥ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚሁ ላይ ነው። በእርሳስ መሣሪያ ከግራ ማዕዘን ይነሡና አንድ ፒክሰል ሞልተው አንድ እየዘለሉ ይሂዱ። 0፣ 2፣ 4፣ 6 እያሉ ይቆጥራሉ፤ 98 ላይ ይደርሳሉ። ቆጠራው ከ0 ስለጀመረ የመጨረሻው ፒክሰል ግን 99 ነው፤ ጎደሎ ስለሆነ ባዶ ይቀራል። የግራው ማዕዘን ነጥብ አለው፣ የቀኙ የለውም። ተመልካቹ ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሆነ ነገር እንደተዛባ ግን ይሰማዋል።

የሚገጥመውን ቁጥር ለማግኘት ይህችን አንዲት ስሌት ይያዙ፦ የጎኑን ርዝመት ከክፍተቱ ጋር ይደምሩ፤ ድምሩ ለሰረዝና ለክፍተት ድምር ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። የክፍተቶች ብዛት ሁልጊዜ ከሰረዞች ብዛት በአንድ ስለሚያንስ ነው አንድ ትርፍ ክፍተት የምንጨምረው።

ነጥብ 1፣ ክፍተት 1 ሲሆን፦ 100 ሲደመር 1፣ 101 ነው፤ ለ2 አይካፈልም። አይገጥምም።
ነጥብ 1፣ ክፍተት 2 ሲሆን፦ 102 ለ3፣ 34 ነው። በየጎኑ 34 ነጥብ ይኖራል፣ አራቱም ማዕዘን ይሞላል።
ሰረዝ 2፣ ክፍተት 2 ሲሆን፦ 102 ለ4፣ ቀሪ አለው። አይገጥምም።
ሰረዝ 4፣ ክፍተት 2 ሲሆን፦ 102 ለ6፣ 17 ነው። ይገጥማል።
ሰረዝ 4፣ ክፍተት 4 ሲሆን፦ 104 ለ8፣ 13 ነው። ይህም ይገጥማል።

ጥለቱ ከዳር አንድ ፒክሰል ገባ ብሎ የሚዞር ከሆነ ጎኑ 98 ይሆናልና ስሌቱ ይለወጣል። 2 ለ2 የነበረው 100 ለ4 ይሆንና በ25 ይገጥማል፤ 1 ለ2 የነበረው ደግሞ 100 ለ3 ሆኖ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥለቱ የሚዞርበትን ቦታ ይወስኑ፣ ከዚያ ቁጥሩን ይምረጡ።

አንድ ለአንድ የግድ እፈልጋለሁ የሚል፣ ከሁለቱም ማዕዘን ተነሥቶ ወደ መሃል ይምጣ። መሃል ላይ ሁለት ባዶ ፒክሰሎች ጎን ለጎን ይገናኛሉ። ያንን እንደ ስፌት ከመደበቅ እንደ ጌጥ ማውጣት ይሻላል፦ ሁለቱን ባዶዎች በሌላ ቀለም ይሙሏቸው፣ በአራቱም ጎን እንዲሁ ያድርጉ፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።

አሁን 34 ነጥብ በአራት ጎን በእጅ ከመጠቅጠቅ የሚያድን መንገድ ልንገርዎት። 3 በ3 ፒክሰል የሆነ አዲስ ግልጽ ምስል ይክፈቱ። ከላይ በግራ ያለችውን አንዷን ፒክሰል ብቻ በእርሳስ ይሙሉ። ኮንትሮልና ኤ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ሲ። ጂምፕ የገለበጡትን ነገር ወዲያው እንደ ጥለት ይይዘዋል፤ በጥለቶች ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። ወደ ዋናው ምስል ተመልሰው ቀደም ብለን እንዳደረግነው የዙሪያውን ባለ አንድ ፒክሰል ምርጫ ያውጡ፣ ከ«ኤዲት» ምናሌም በጥለት ሙላ የሚለውን ይምረጡ። ንብርብሩ ከሸራው ጋር እኩል ከሆነ ጥለቱ ከላይ ከግራ ጥግ ስለሚጀምር ነጥቦቹ 0፣ 3፣ 6 እያሉ እስከ 99 ያለ ስሕተት ይሰለፋሉ፤ በታችም፣ በጎንም።

ለ4 ለ4 ሰረዝም መንገዱ ይኸው ነው። 8 በ8 ምስል ከፍተው ከላይ በግራ 4 በ4 የሆነውን ካሬ ይሙሉ፣ ይገልብጡ፣ ምርጫውን በእርሱ ይሙሉ። ለ4 ለ2 ደግሞ 6 በ6 ምስል ውስጥ ያንኑ 4 በ4 ካሬ። ማዕዘኖቹ ላይ ሁለት ሰረዞች ተጋጥመው ቀጥ ያለ ማጠፊያ ይሠራሉ፤ ሰው በእጁ የለካው ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥም ያየሁ ዕለት ያለ ምክንያት አምስት ጊዜ ደጋግሜ ሞላሁት።

ማዕዘንን ማክበብ

የተከበበ ማዕዘን ለማግኘት «ራውንድድ ሬክታንግል» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ለትልቅ ምስል ደህና ነው። በዚህ መጠን ግን በእጅ መቁረጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ክቡን ለማለስለስ ግማሽ ግልጽ ፒክሰሎች ያስገባል፣ እነርሱም በጨለማ ገጽ ላይ የነጣ ፍንጣሪ ሆነው ይታያሉ።

ትንሹ ክብነት ከእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ፒክሰል ማጥፋት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል፤ ስለቱን ይሰብረዋል። ቀጣዩ ከመጀመሪያው ረድፍ 2፣ ከሁለተኛው 1 ማጥፋት ነው። ከዚያ 4፣ 2፣ 1፣ 1። ከዚያ 5፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1። እነዚህ ቁጥሮች በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም፦ የጠፋውን በረድፍ ቢቆጥሩትም በዓምድ ቢቆጥሩት ያው ቁጥር ይወጣል። 3፣ 1 ብለው ቢቆርጡ በዓምድ ሲቆጠር 2፣ 1፣ 1 ይሆናል፤ ማዕዘኑ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ መስሎ ይታያል። የራስዎን ቅርጽ ሲፈጥሩ ይህን ሁለት ጊዜ መቁጠር አይርሱ።

ማጥፊያውም ስል መሆን አለበት፤ ከአማራጮቹ «ሃርድ ኤጅ» የሚለውን ያብሩ። ለመሳልም ብሩሽ ሳይሆን እርሳስ ነው የሚያዘው፤ ቁልፉ «ኤን» (N) ነው። የብሩሽ ጫፍ ይለሰልሳል፣ የእርሳስ ጫፍ አይለሰልስም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የተቆረጠው ማዕዘን ላይ ፎቶውም አብሮ ካልተቆረጠ ከክፈፉ ውጭ ብቅ ብሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ለፎቶው ንብርብር ግልጽነትን የሚይዘውን የአልፋ ቻናል ጨምረው እነዚያኑ ፒክሰሎች ያጥፉለት።

የማዕዘን ጌጥ የሚፈልግ ሰው አራቱንም አይሳል። በአዲስ ንብርብር ላይ የግራውን የላይ ማዕዘን ብቻ ይሳል፤ ሦስት ነጥብ፣ ትንሽ ቅጠል፣ የፈለገውን። ከዚያ ንብርብሩን አባዝቶ ከ«ሌየር»፣ «ትራንስፎርም» ውስጥ በአግድም ይገልብጠው፤ ሁለቱን አዋሕዶ እንደገና አባዝቶ በቁም ይገልብጥ። ሁለት ግልበጣ አራት ማዕዘን ይሰጣል። ጌጡ ከ12 በ12 ፒክሰል አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ከፊቱ ጋር ጠብ ይጀምራል።

የሚያሳልፍ ቀበቶ

ምስሉን ሳይበሉ ሰፊ ክፈፍ ለማድረግ አንድ ዘዴ አለ፦ ከዳር 6 ፒክሰል የሚሆን ነጭ ቀበቶ በተለየ ንብርብር ላይ ሞልተው ኦፓሲቲውን (ከሥሩ ያለውን የመሸፈን ኃይሉን) ወደ 35 በመቶ ያውርዱ። ከሥሩ ያለው ፎቶ ይታያል፤ እንደ መስታወት ይሆናል። የቀበቶውን የውስጥ ድንበር በባለ አንድ ፒክሰል ነጭ መስመር ካሰሩት ይጠራል፤ ካላሰሩት ጭጋግ ይመስላል። የንብርብሩን ሁነታ ወደ «ኦቨርሌይ» ቢቀይሩት ደግሞ ቀለሙ ይደምቃል። ብርሃን የበዛበት ፎቶ ላይ ግን ነጭ ቀበቶ አይታይም፤ ለዚያ በጥቁር ይሥሩት።

ቦታው ምስሉን በክብ የሚቆርጥ ከሆነ

ብዙ መተግበሪያዎች ዛሬ የመገለጫ ምስልን በክብ ቆርጠው ነው የሚያሳዩት። ካሬው ውስጥ የሚገባው ክብ ከስፋቱ 78.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ማዕዘኖቹ ላይ የደከሙበት ጌጥ ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ ምስሉ የት እንደሚገባ ሳያውቁ ካሬ ክፈፍ አይጀምሩ።

ለክብ ቀለበት ሲሠራ የሚፈጸመው ዋና ስሕተት ቀለበቱን ልክ ከዳር እስከ ዳር ማድረግ ነው። የመተግበሪያው መቁረጫና የእርስዎ ክብ በፀጉር ያህል ከተለያዩ፣ ቀለበቱ በአንድ ወገን ቀጭን በሌላው ወፍራም ይሆናል። የውጪውን ድንበር ጨርሶ ባለመሥራት ይገላገሉት። የክብ መምረጫውን ይያዙ፤ ከአማራጮቹ መነሻውን 4 እና 4፣ መጠኑን 92 በ92 ብለው በቁጥር ይስጡት። ምርጫውን ይገልብጡና ሁሉን ይሙሉ፤ ማዕዘኖቹንም ጭምር። የውጪውን ክብ መተግበሪያው ራሱ ይቆርጥልዎታል፤ ባለ 4 ፒክሰል ቀለበትም ይቀራል። የምርጫው ማለስለሻ («አንቲኤሊያሲንግ») መብራት ያለበት እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ሙሉ ክብ ሳይለሰልስ ቢቀር የመጋዝ ጥርስ ያወጣል።

ማስቀመጥና መፈተን

ሥራውን መጀመሪያ በጂምፕ በራሱ ዓይነት፣ በኤክስሲኤፍ፣ ያስቀምጡ፤ ንብርብሮቹ ሳይዋሐዱ የሚቆዩት በእርሱ ነው። ለመጫን ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢ ተጭነው በፒኤንጂ ያውጡት። ጄፔግ ምስልን በ8 በ8 ፒክሰል ጡብ እየከፋፈለ ስለሚጨምቅ በስል መስመር ዙሪያ ብናኝ ይተዋል፤ ቀይ መስመር ከሆነማ ቀለሙ ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። ጂፍ 256 ቀለም ብቻ ይይዛል፣ ግልጽነቱም ወይ ሙሉ ወይ ምንም ነው፤ የሚያሳልፍ ቀበቶንም ሆነ የለሰለሰ ክብን አይችልም። ምስሉ ካልተንቀሳቀሰ በስተቀር አልመርጠውም።

ፎቶውን ደብቀው ክፈፉን ብቻውን በግልጽ ፒኤንጂ ካወጡት ለሌላ ጊዜ ቅጽ ሆኖ ያገለግላል። ቀለሙን ለመቀየር የንብርብሩን የአልፋ መቆለፊያ (ባዶው ቦታ እንዳይሞላ የሚያግደውን) አብርተው በአዲስ ቀለም መሙላት ብቻ ነው፤ ቅርጹ አይነካም።

ከዚያ ፈተናው። ሸራውን ሰፋ አድርገው ከሁሉም በታች አንድ ንብርብር ይጨምሩና በነጭ፣ ከዚያም በጥቁር ግራጫ ይሙሉት፤ ክፈፉ በሁለቱም ላይ መያዙን ይመልከቱ። ቀጥሎ ቅጂውን ወደ 50 በ50 ያሳንሱ፤ ከአስተያየት ጎን የሚወጡ ምስሎች ብዙ ጊዜ እንደዚያ ያንሳሉና። ባለ 1 ፒክሰል መስመር እዚያ ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቅሎ ይገረጣል። ከዳር የጀመረ ባለ 2 ፒክሰል መስመር ግን ልክ ወደ 1 ይወርዳል፤ 4 ለ4 የነበረው ሰረዝም 2 ለ2 ሆኖ ጥራቱን ይጠብቃል። 1 ለ2 ነጥብ ይቦካል፤ እርሱ ለሚያንስ ቦታ አይሆንም።

ጥራታቸው ለበዛ የስልክ ማያዎች 200 በ200 የሆነ ቅጂ ካስፈለገ ሁለቱን ንብርብሮች በአንድ መንገድ አያሳድጉ። ፎቶውን ከመጀመሪያው ትልቅ ምስል እንደ አዲስ ወደ 200 ያሳንሱት። ክፈፉን ግን ከ100 ወደ 200 ሲያሳድጉ «ኢንተርፖሌሽን» የሚለውን «ነን» ላይ ያድርጉት፤ እያንዳንዷ ፒክሰል ሳትደበዝዝ አራት ትሆናለች። ከዚያ ክፈፉን ፎቶው ላይ ደርበው 1 ቁጥርን ይጫኑና ከማያው ራቅ ብለው ይዩት።